ቀዶ ሕክምናው አለቀ፤ ክትትሉስ?

ዛሬ የምመልሳቸው ጥያቄዎች ከአዲስ አበባ ዳርቻ የመጡ ናቸው። ሁሉም ከሽንት አካላት ችግር ጋር ስለተወለዱ ልጆች ይጠይቃሉ።

«ልጄ 9 ዓመቷ ነው። ስፓይና ቢፊዳ በሚባለው የአከርካሪ ክፍተት ተወልዳ ጀርባዋ በሕፃንነቷ ተሠርቷል። ሽንቷን በቀጭን ቱቦ እንድናወጣ ታዘናል፤ የምንኖርበት ኮንዶሚኒየም ግን ውሃ የሚያገኘው በፈረቃ ነው። ትምህርት ቤት ዳይፐር አድርጋ ትውላለች። ቱቦውን ብንተወውስ?» (እናት፣ ከኮዬ ፈጬ)

እህቴ፣ እባክዎ አይተዉት። የልጅዎ ችግር ሽንት ማምለጡ ብቻ አይደለም። የፊኛዋ ነርቭ ስለተጎዳ ሽንቱ ተጠራቅሞ ግፊት ይፈጥራል፤ ግፊቱም ኩላሊቷን ይጎዳል፣ ያውም ብዙ ጊዜ ሳያሳምማት። ዳይፐር የፈሰሰውን ይይዛል እንጂ ፊኛን ባዶ አያደርግም። አሜሪካዊው ሐኪም ጃክ ላፒደስ ይህን ሽንትን በቱቦ የማውጣት ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1972 ሲያስተዋውቁ ያሳዩት ትልቁ ነገር፣ እንደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ፍጹም ከጀርም የነጻ ዕቃ የግድ አለመሆኑን ነው። ንጹሕ እጅ፣ ንጹሕ ቱቦ፣ ሰዓት ማክበር። ስለዚህ ፈረቃው አያሸንፍዎትም፤ ክዳን ያለው አንድ ጀሪካን ለዚህ ብቻ ይለዩ። እነዚህ ልጆች ላቴክስ ለሚባለው የጎማ ዓይነት አለርጂ ስለሚበዛባቸው ጓንቱም ቱቦውም ከላቴክስ ነጻ ይሁን። የሆድ ድርቀት ካለባትም ይታከም፤ የሞላ አንጀት ፊኛን ይጫናል።

ሽንቷ አብዛኛውን ጊዜ በየሦስትና አራት ሰዓቱ መውጣት ስላለበት የትምህርት ቀኑን በዳይፐር ብቻ ማሳለፍ አይሆንም። የሐኪሟን ደብዳቤ ይዘው ርእሰ መምህሩን ያነጋግሩ፤ ከውስጥ የሚቆለፍ ሽንት ቤትና የእጅ መታጠቢያ ውሃ ይጠይቁ። ይህ ልመና አይደለም፣ የልጅቷ መብት ነው። በዚህ ዕድሜዋ ብዙ ልጆች ቱቦውን ራሳቸው ማስገባት ይማራሉ፤ ነርሷ እንድታለማምዳት ይጠይቁ። የሽንት አካላትና የነርቭ ቀዶ ሐኪም፣ የኩላሊት ሐኪም፣ ፊዚዮቴራፒስትና የሥነ ልቦና ባለሙያ ሁሉም ያስፈልጓታል። በአንድ ቀን በአንድ ቦታ ስለማይገኙም አንዱ የጻፈውን ሌላው እንዲያነብ ወረቀቶቿን ሁሉ በአንድ ክላሰር ይያዙ።

«አራስ ወንድ ልጄ የሽንት ቀዳዳው ከጫፍ ሳይሆን ከሥር ነው። እናቴ በስምንተኛው ቀን ይገረዝ ይላሉ።» (አባት፣ ከቡራዩ)

አይገረዝ። ሐኪሙ ቀዳዳውን ሲያስተካክል ያ ቆዳ ሊያስፈልገው ይችላል። ቀዶ ሕክምናው ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 18 ወር ባለው ዕድሜ ይሠራል። ለእናትዎ ግርዘቱ እንዳልቀረ፣ እንደተላለፈ ብቻ በአክብሮት ያስረዷቸው። የዘር ፍሬዎቹ ወርደው እንደሆነም ሐኪም ይይለት።

«19 ዓመቴ ነው። በሽንት ቧንቧዬ ውስጥ ሽንት የሚያግድ ስስ ሽፋን ነበረኝ፤ ጨቅላ ሳለሁ ተወገደ። የሕፃናት ክፍል ‹ዕድሜህ አልፏል› ብሎ አሰናበተኝ። ምንም አያመኝም፤ ለምን እመላለሳለሁ?» (ወጣት፣ ከሰበታ)

ወዴት እንደምትሄድ ሳይነገርህ መሰናበትህ በጣም ያስቆጫል። ዕድሜህ ከሕፃናት ክፍል አለፈ እንጂ ከክትትል አላለፈም። ያ ሽፋን ፊኛህንና ኩላሊትህን መጫን የጀመረው ገና በማሕፀን ሳለህ ነው፤ መወገዱ የደረሰውን ጉዳት አልመለሰውም። ኩላሊቱ ሲደክም የሚታወቀው ከጉርምስና ወዲህ የሆነባቸው ብዙዎች ናቸው። ስለዚህ ሐኪም ከዚያ በላይ ካላዘዘ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ የደም ግፊትህ፣ የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየው የደም ክሬአቲኒንህና በሽንትህ ያለው ፕሮቲን ይመርመር፤ አልትራሳውንድም ተነሣ። ኩላሊትን ሊጎዱ የሚችሉትን የሕመም ማስታገሻዎች፣ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌንን፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አትውሰድ። ወደ ቀድሞ ሆስፒታልህ ተመልሰህ የቀዶ ሕክምናህን ማስታወሻ ቅጂና ወደ አዋቂዎች ክፍል የሚወስድህን የሪፈር ወረቀት ጠይቅ፤ ሳይሰጡህ አትውጣ።

«የመጀመሪያ ልጃችን በአከርካሪ ክፍተት ተወለደ። አሁን ሁለተኛ ልንወልድ እናስባለን።» (ባልና ሚስት፣ ከለገጣፎ)

የፅንሱ አከርካሪ የሚገጥመው ከተፀነሰ በ28 ቀናት ውስጥ ነው፤ ብዙ ሴት ማርገዟን ሳታውቅ ማለት ነው። ይህን ክፍተት ለመከላከል ለማንኛዋም ሴት የሚመከረው 0.4 ሚሊግራም ፎሊክ አሲድ የሚባል ቫይታሚን ለእርስዎ አይበቃም፤ በሐኪም ትእዛዝ ከ4 እስከ 5 ሚሊግራም በየቀኑ፣ ከመፀነስ ቢያንስ አንድ ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ እስከ እርግዝናው 12ኛ ሳምንት ይወሰዳል። የእርግዝና መከላከያውን ከማቆምዎ በፊት ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።