ባሕር የለንም ብላችሁ አትተዉት

ልጆቼ፣ ባለፈው ሳምንት ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር አንድ ሻይ ቤት ቁጭ ብለን አንድ የባዮሎጂ ተመራቂ «ጋሼ፣ ዶክትሬቴን በባሕር ማይክሮባዮሎጂ ብሠራ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ባሕር የሌለው አገር ልጅ ማን ይቀበለኛል?» አለኝ። ይቺ ጥያቄ እኔንም በእሱ ዕድሜ እንቅልፍ ነስታኛለች። ያኔ አንድ አለቃዬ «ጎንደር ተቀምጠህ ስለ ውቅያኖስ?» ብለው ደብዳቤዬን ሳይፈርሙ ሁለት ወር አቆዩብኝና የዚያ ዓመት ማመልከቻ አለፈኝ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ለዚያ ልጅ ያልኩትን ለእናንተም ልጻፈው።

በቅድሚያ ነገሩን ራሱን፣ ባሕር ውስጥ የሚኖሩ በዓይን የማይታዩ ፍጥረታትን ማጥናቱን ውደዱት። አንድ ሚሊ ሊትር የባሕር ውኃ ውስጥ ወደ አንድ ሚሊዮን ባክቴሪያ አለ፤ ቫይረሱ ደግሞ የዚያ አሥር እጥፍ ያህል። ምድር ላይ ከሚካሄደው ፎቶሲንተሲስ ግማሽ ያህሉ የባሕር ሥራ ነው፣ አብዛኛውን የሚሠሩትም በዓይን የማይታዩ ፍጥረታት ናቸው። ከእነሱ በቁጥር አንደኛ የሆነውን ፕሮክሎሮኮከስን እስከ እ.ኤ.አ. 1980ዎቹ አጋማሽ ድረስ ማንም አያውቀውም ነበር። የአሜሪካዊቷ ተመራማሪ የሳሊ ቺሾልም ቡድን ያገኘው ፍሎው ሳይቶሜትር መርከብ ላይ ጭኖ ነው፤ ግኝቱ እ.ኤ.አ. በ1988 ታተመ። ይህ መሣሪያ በሕክምና ላብራቶሪ የደም ሕዋስ የሚለይ፣ የሚቆጥር ነው። ጎንደር እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ የጤና ባለሙያ ስታሠለጥን የኖረች ከተማ ናት፤ ስለዚህ የሕክምና ላብራቶሪ ተመራቂዎች፣ እናንተንም ነው የምለው። ናሙና ሳይበከል መያዝ የሚያውቅ እጅ እዚህ ሙያ ውስጥ ይፈለጋል።

ደግሞስ ጣናን «ባሕር» ብለን የምንጠራው እኛው አይደለን? ጎርጎራ ውረዱ። እምቦጩ ሲበሰብስ ባክቴሪያ ይበላዋል፣ ሲበላው ውኃ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል፣ ዓሣው ይታፈናል። ውቅያኖስ ላይም ኦክስጅን ያጣ ውኃ የሚፈጠረው በዚሁ መንገድ ነው፤ የሚበሰብሰው ነገር ይለያል እንጂ። በአያቶቻችን ገበያ እንደ ገንዘብ ይቆጠር የነበረው አሞሌ እንኳ ከአፋር ዝቅተኛ ምድር የመጣ፣ ቀይ ባሕር ገብቶ የደረቀበት ጨው ነው። እዚያው ዳሎል ላይ፣ በጣም ሞቃትና አሲዳማ በሆኑት ኩሬዎች ውስጥ ሕይወት አለ የለም እያሉ የዓለም ሳይንቲስቶች ሲከራከሩ ኖረዋል። የእኛ አገር ውኃ ለጥያቄ አያንስም!

የት ልመልከት ላላችሁ፦ ጀርመን ብሬመን ከተማ እ.ኤ.አ. በ1992 የተቋቋመው የማክስ ፕላንክ የባሕር ማይክሮባዮሎጂ ተቋም አለ፤ ከከተማው ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ በእንግሊዝኛ ያስተምራል። አሜሪካ ውስጥ ዉድስ ሆል የሚባለው የውቅያኖስ ምርምር ተቋምና ኤምአይቲ የሚባለው ዩኒቨርሲቲ በጋራ የሚሰጡት የዶክትሬት ትምህርት አለ፤ እዚያ ከመጀመሪያ ዲግሪ በቀጥታ መግባት ይቻላል። ቅርባችን ደግሞ ከጅዳ በስተሰሜን፣ ቀይ ባሕር ዳር ያለው የንጉሥ አብዱላህ ዩኒቨርሲቲ፤ ለሚቀበላቸው ተማሪዎች የትምህርቱንም የኑሮውንም ወጪ ይሸፍናል። ኖርዌይ፣ ኔዘርላንድና ዴንማርክ ዶክትሬት ማለት ደመወዝ ያለው ሥራ ነው። እንደ ማንኛውም ክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ ይወጣል፣ ብዙውን ጊዜ ግን ማስተርስ ይጠይቃሉ።

አሁን ለፕሮፌሰር ስለሚጻፈው ደብዳቤ፤ ብዙ ልጅ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። እኔም አንድ ደብዳቤ ጽፌ ስሙን ብቻ እየቀየርኩ ለሃያ ፕሮፌሰር ልኬ አንድም መልስ አላገኘሁም። በሚቀጥለው ዓመት የአንዱን ሰው ሥራ ሳምንት ሙሉ አነበብኩ፣ ያልገባኝን አንድ ነገር በሦስት መስመር ጠየቅሁት፣ ስለራሴ አራት መስመር ጨመርኩ፣ በቃ። በማግስቱ መለሰልኝ። «ታታሪ ነኝ፣ ህልሜ ነው» የሚለውን ተዉት። ስለ ጣና ያያችሁትን ጻፉ፣ ምን እንደለካችሁ ንገሩት፣ ከዚያ የእሱን ሥራ የፈለጋችሁበትን ምክንያት።

መሣሪያ የለኝም የሚለውም ሙሉ ምክንያት አይሆንም። ታራ የምትባለው መርከብ እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2013 ውቅያኖሶችን ዞራ የሰበሰበችው የዲኤንኤ መረጃ ለማንም በነፃ ክፍት ነው። አር ወይም ፓይተን የሚባለውን የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ተማሩ። ከመረጃው ትንሽ ቁራጭ ወስዳችሁ በአሮጌ ላፕቶፕ መለማመድ ይቻላል፤ ኔትወርኩ ሌሊት ሲሻል አውርዱት።

ቦታ አስገኝልሃለሁ ለሚል ደላላ ግን አንድ ብር እንዳትሰጡ። የማመልከቻ ክፍያ ካቃታችሁ ለትምህርት ክፍሉ ጽፋችሁ እንዲያነሱላችሁ ጠይቁ፤ ብዙዎቹ ይፈቅዳሉ፣ መጠየቅም ነውር የለውም። የአሜሪካው ማመልከቻ አብዛኛው ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ስለሚዘጋ ከክረምቱ ጀምሩ፣ በተለይ የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፉላችሁን መምህራን ቀድማችሁ ያዙ። እኔ እንደተጎዳሁት እንዳትጎዱ።

ከዚያ ልጅ ጋር ቅዳሜ ጎርጎራ ልንወርድ ተቀጣጥረናል። እሱ ንጹሕ ጠርሙስና ቴርሞሜትር ይይዛል፣ እኔ የድሮ ማይክሮስኮፔን። መኪናው ውስጥ የሁለት ሰው ቦታ አለ፤ መምጣት የምትፈልጉ ንገሩኝ።