«ጣቷን በበሩ ስንጥቅ ታወጣልኛለች»

የአንባቢያን የሕግ ጥያቄና መልስ፣ ሰኔ 2012

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ኮምቦልቻ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በፈረቃ የምሠራ የ34 ዓመት ሰው ነኝ። ከባለቤቴ ጋር የተፋታነው በ2011 ነው። የ7 ዓመት ሴት ልጅ አለችን። ፍርድ ቤቱ ልጅቷ ደሴ ከእናቷ ጋር እንድትኖር፣ እኔ ደግሞ በየሳምንቱ ከቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት እስከ እሑድ 10 ሰዓት ወስጃት እንድመልሳት፣ በወርም 1,500 ብር ቀለብ እንድቆርጥ ወስኗል። እስከ መጋቢት ድረስ አንድም ቅዳሜ አላጓደልሁም። ኮሮና ከገባ በኋላ ግን እናቷ «እማዬ አስም አለባት፤ አንተ ከስንትና ስንት ሠራተኛ ጋር ስትውል ትቆያለህ፣ በሚኒባስ ተጋፍተህ ትመጣለህ፤ በሽታው ሲያልፍ ትወስዳታለህ» ብላ በሩን ዘጋችብኝ። በእጥፍ ታሪፍ የሐረጎን ዳገት ወጥቼ ሰኞ ገበያ አጠገብ ካለው ቤታቸው ደጃፍ እቆማለሁ። ልጄ ጣቷን በቆርቆሮው በር ስንጥቅ ታወጣልኛለች፣ እኔም በጣቴ እነካታለሁ። ከውስጥ «እጅሽን!» የሚል ድምፅ ሲመጣ መልሳ ታስገባዋለች። ባለፈው የወሰድሁላትን ብስኩት እናቷ ሦስት ቀን ፀሐይ አስመትታ እንደሰጠቻት ነገረችኝ። የፊት ጥርሷ ወልቋል አለችኝ፤ በስንጥቅ ስለሆነ አላየሁትም። ሽማግሌ ልላክ ወይስ በፖሊስ ላስገድዳት? ከግንቦት ወዲህ ቀለቡን አቁሜያለሁ፤ ልጄን ካላገኘሁ የምከፍለው ለማን ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ዕድሜህን ስለነገርኸኝ አንተ እልሃለሁ፤ እናትህን አክላለሁና አትቀየመኝም። ደብዳቤህን ከመጨረሻው መስመር እጀምራለሁ። እንደ ዋዛ ጣል ያደረግሃት ያቺ መስመር መላ ጉዳይህን ልታበላሽብህ ትችላለችና።

የምትከፍለው ለማን ነው? ለልጅህ ነዋ! ብሩን የምትቀበለው እናቷ ብትሆንም ገንዘቡ የልጅቷ ነው። በሩ ተከፈተም ተዘጋም ልጅቷ በቀን ሦስቴ ትበላለች፣ ጫማዋም ይጠብባታል። ቀለብ ልጅን ለማየት የሚቆረጥ ትኬት አይደለም፤ ሕጉ ሁለቱን አያጣምራቸውም። ነገ «ፍርዱን ጣሰችብኝ» ብለህ ችሎት ፊት ስትቆም ተቃራኒ ወገን አፏን ሳትከፍት የሁለት ወር ቀለብ ያልከፈልኸው አንተ መሆንህን ታሳያለች። ያኔ ከሳሹ ማን ነው? ይህን መልስ አንብበህ ሳትጨርስ ውዝፉን በባንክ አስገባ፤ ደረሰኙንም አስቀምጥ። በእጅ አትስጥ፣ በወንድሟም አትላክ። መክፈላቸውን ማስረዳት አቅቷቸው አንዱን ወር ሁለት ጊዜ የከፈሉ አባቶች በጥብቅና ዘመኔ አጋጥመውኛል።

አሁን ወደ በሩ። መጋቢት 4 ቀን የመጀመሪያው ሕመምተኛ ከተገኘ ወዲህ ብዙ ነገር ተከለከለ። መጋቢት 30 የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅና እሱን ተከትሎ የወጣው ደንብ መጨባበጥን፣ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብን፣ ሚኒባስን ከወንበሩ ግማሽ በላይ መጫንን ይከለክላሉ። «አባት ልጁን አይውሰድ» የሚል መስመር ግን የለባቸውም። የፍርድ ቤቱ ውሳኔ እንደጸና ነው። የክልላችን የአማራ የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995፣ የልጆችን አኗኗር፣ ቀለብና ወላጅና ልጅ የሚገናኙበትን ሁኔታ የመወሰን ሥልጣን ለፍርድ ቤት ይሰጣል፤ ሁኔታ ሲለወጥም ውሳኔውን መልሶ የሚያየው ፍርድ ቤት ነው። የልጅህ እናት «ሁኔታው ተለውጧል» ካለች ምናልባት እውነቷን ነው። አቤቱታ ጽፋ ታመልክት። ዳኛ የጻፈውን በቆርቆሮ በር ማሻሻል ግን አይቻልም።

ከነገረችህ ሁሉ እኔን የከነከነኝ «በሽታው ሲያልፍ» የሚለው ነው። «ዛሬ አተኩሶሃል፣ አትምጣ» ብትልህ ደግ አደረገች እል ነበር። «የፋብሪካችሁ ሰው ታሟል ሲባል ሰምቻለሁ፣ ሁለት ሳምንት ታገሥ» ብትልም ያስኬዳል። በሽታው የሚያልፍበትን ቀን ግን እሷም አታውቀውም፣ የጤና ሚኒስቴርም አልነገረንም። መድረሻው ወደማይታወቅ ቀን የተላለፈ ቀጠሮ በእኛ ሙያ ክልከላ ነው የሚባለው፤ የሰባት ዓመት ልጅ ደግሞ በአንድ ክረምት ብዙ ትለወጣለች። ጥርሷ ተመልሶ ይበቅላል፣ አንተ ገና በሩ ላይ ነህ።

ይህን ስል ሴትየዋ ተንኮለኛ ናት ማለቴ እንዳይመስልህ። አስም ያለባቸውን እናቷን ይዛ አንድ ጣሪያ ሥር የምታድር ሰው ናት። እኔም 61 ዓመት ሞልቶኛል፣ ስኳር አለብኝ፤ ከመጋቢት ጀምሮ ልጆቼ ሽንኩርቱንና ዘይቱን ደጃፍ አስቀምጠው፣ ሦስት ክንድ ርቀው «እማዬ፣ ደኅና ነሽ?» ብለውኝ ይሄዳሉ። ስለዚህ ያቺን በስንጥቅ የወጣች ጣት ከአንተም ከእነሱም በኩል ሆኜ አየኋት። ፍርሃቷን «ሰበብ ነው» ብለህ ከጀመርህ ሽማግሌም ዳኛም አያስታርቃችሁም።

ፖሊሱን እርሳው። ኮሮና የሚባል ነገር ከመሰማቱ በፊት ፍርዱን በአንድ እጁ፣ ፖሊስ በሌላው ይዞ የሄደ አባት ደንበኛዬ ነበር። ፖሊሱ አንድም ክፉ ቃል አልተናገረም፤ ቆቡን እንዳደረገ በሩ ላይ መቆሙ በቃ። ልጁ ጓዳ ገብቶ ከባዶ ጋን ኋላ ተሸጎጠ። አባት ልጁን ተረከበ፣ ሕጉም ተከበረ። ልጁ ግን ታክሲ ውስጥ «እናቴን አሰርሃት?» እያለ ሲጠይቀው አመሸ። ከዚያ ወዲህ የነበሩትን ቅዳሜዎች ልጁ ራሱ «አልሄድም» ይል ጀመር፤ ለዚህ ደግሞ አፈጻጸም፣ ማለትም ፍርድን የማስፈጸሚያ ትእዛዝ፣ አይጻፍም።

ሽማግሌውን ላክ። ደንቡ ከአራት በላይ አትሰብሰቡ ስለሚል ሁለት ሽማግሌ፣ አንተና እሷ፤ በትክክል አራት ናችሁ። ወሎ ውስጥ በሁለት ሽማግሌ መታረቅ ዘበት ነበር፣ አጎት ሁሉ «እኔ ሳልጠራ?» ይላል፤ ዘንድሮ ሰበቡ ከመንግሥት መጣልህ። ከሁለቱ አንዱ አያትየዋ የሚያከብሯቸው ሰው ይሁኑ። ውይይቱም በረንዳ ላይ እንጂ ሳሎን አይሁን።

ይዘህ የምትሄደው ሐሳብ ደግሞ ይህ ነው። አሁን ባለው ውሳኔ ልጅቷ በወር አራት ጊዜ ወደ ኮምቦልቻ ትወርዳለች፣ አራት ጊዜ ትመለሳለች። ስምንት ጉዞ፣ ስምንት ሚኒባስ ማለት ነው። እናቷ የምትፈራው ይህንን ነው፤ እኔም ብሆን እፈራለሁ። አራት ቅዳሜና እሑድ ሲደመር ስምንት ቀን ይሆናል። ስምንቱን ቀን በአንድ ጊዜ ብትወስዳት ጉዞዋ ሁለት ብቻ ይሆናል። ትምህርት ቤት ከመጋቢት 7 ጀምሮ ስለተዘጋ የሚያስቀራት ክፍል የለም። «አንተ ፋብሪካ ስትውል ማን ይይዛታል፣ በሽታውስ?» ስትልህ በዓመት ፈቃድ መልስ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ፣ በ1156/2011፣ አንድ ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ ቢያንስ 16 የሥራ ቀን ፈቃድ አለው። ፈቃድህን ከልጅቱ መምጣት ጥቂት ቀናት አስቀድመህ ጀምር፤ እሷ ስትመጣ ከፈረቃው ሰው ተለይተህ ሰንብተህ ትጠብቃታለህ። ስትመለስ ደግሞ ለሁለት ሳምንት ከአያቷ ጋር አንድ አልጋ ላይ እንዳታድር፣ በአንድ ሳህን እንዳይበሉ ተስማሙ። ይህን የምልህ አያትየዋ ሲሰሙት «ለእኔም አስቧል» እንዲሉ ጭምር ነው።

እናትየዋ ማደሩን ጨርሶ እምቢ ካለች ለጊዜው ወደ ግቢው ግባ። ቅዳሜ ጠዋት፣ አፍና አፍንጫህን ሸፍነህ፣ እጅህን በር ላይ ባለው ጀሪካን ታጥበህ፣ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ሁለት ሰዓት ከልጅህ ጋር ተቀመጥ። ጥርሷንም ታያለህ። ስልክ ይጨመር፣ ሰዓቱም ይቆረጥ፤ ግን «በስልክ ታገኛታለህ፣ ምን ጎደለህ?» ወደሚል ንግግር እንዳይዞር ተጠንቀቅ።

የተስማማችሁትን ጻፉት። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ማን እንደሚያመጣት፣ ጉዞ ሲቀር በስንት ቀን እንደሚካካስ። ስለ ሳልም አንድ ነገር ይግባበት፤ በሐምሌ ጉም ደሴ ውስጥ የማያስል ልጅ የት ተገኝቶ! ሳል ብቻውን ቀጠሮ የሚያስቀር ከሆነ እስከ መስከረም አንድም ቀን አታገኝም። ትኩሳት ካላት በስልክ ይነገርህ፣ ጤና ጣቢያ ትታይ፣ የቀረው ቀን ይካካስ። ፈርማችሁ ለፈረደው ፍርድ ቤት አቅርቡት፤ የልጅቷን ጥቅም እስካልጎዳ ድረስ ዳኛው ያጸድቀዋል፣ ያኔ እንደ ፍርድ ይጸናል። ያልጸደቀ ወረቀት በተጣላችሁ ማግስት ከንቱ ነው።

ሽማግሌው ካልተሳካ በዚያው መዝገብ የአፈጻጸም አቤቱታ አቅርብ። ፍርድ ቤቶች ሥራቸውን በከፊል ቢያቆሙም አስቸኳይ ጉዳይ የሚያዩ ተረኛ ችሎቶች አሉ። ደጃፉ ላይ የቆምህባቸውን ቅዳሜዎች ከነሰዓታቸው በደብተር ጻፍ፤ የተላላካችሁትን መልእክት ከስልክህ አታጥፋ። በአቤቱታው ላይም «ፍርዱ ይፈጸምልኝ» ብቻ አትበል፣ «ወረርሽኙ እስካለ ድረስ በዚህ መልክ ይፈጸምልኝ» ብለህ የስምንቱን ቀን ሐሳብ ዘርዝር። ዳኛ መፍትሔ ይዞ የመጣን ሰው ይወዳል፤ ከእነሱ ጋር ብዙ ዓመት ስለኖርሁ አውቃቸዋለሁ።

አንድ ነገር ግን ልብ በል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 23632፣ ጥቅምት 2000 ላይ፣ በሕይወት ያለ ወላጅ በሕግ የተሰጠው የአሳዳሪነት መብት እንኳ የልጅን ደኅንነት በሚጎዳበት ጊዜ የልጆችን ጥቅም ከሚያስቀድመው ከሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 በታች እንደሚውል ወስኗል። ይህ ውሳኔ በሁሉም ፍርድ ቤት ላይ አስገዳጅ ነው፣ ሁለታችሁንም ይይዛል። እሷ «እኔ አሳዳጊ ነኝ» ስትል አይሠራላትም፤ አንተም «መብቴ ነው» እያልህ በትኩሳት ብትሄድ አይሠራልህም። አቤቱታህ ውስጥ «መብቴ» ያልኸውን ቃል ቆጥረህ፣ ከልጅህ ስም ከበለጠ እንደገና ጻፈው። አብሽር፣ እንዲህ ያለው ጉዳይ ብዙውን ጊዜ ችሎት ሳይደርስ ያልቃል።

ጥያቄ፦ ደሴ ነው የምኖረው። የ5 ዓመት ልጄን አባቱ ግንቦት 16 ለዒድ ወደ ሐይቅ ከተማ ወሰደው። ከሁለት ቀን በኋላ ሊመልሰው ነበር። አሁን «ትምህርት ተዘግቷል፣ ደሴ በሽታው ይበዛል፣ እዚህ ይቆይ» ይላል። ወር ሊሞላው ነው። ይባስ ብሎ ልብሱን ላኪልኝ ይለኛል። ልላክ? ከላክሁ የተስማማሁ አይመስልም?

መልስ፦ እህቴ፣ ከላይ ለወንድምሽ ያልሁት ለአንቺም ይሠራል፤ የትምህርት ቤት መዘጋት የማሳደግ ውሳኔን አይለውጥም። ልዩነቱ አንቺ ጊዜ የለሽም። ልጅ የተቀመጠበትን ይለምዳል፣ ዳኛም «አሁን የሚኖረው የት ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱ ዓመት ሙሉ «ሐይቅ» ሆኖ ከቆየ ክርክርሽ ይከብዳል። ዛሬ «ልጄን ግንቦት 18 ልትመልስልኝ ነበር፣ በዚህ ቀን አምጣልኝ» የሚል አጭር መልእክት በስልክ ላኪለት። በቀኑ ካላመጣው፣ የተፋታችሁት በመደበኛ ፍርድ ቤት ከሆነ እዚያው፣ በሸሪዓ ፍርድ ቤት ከሆነም ፍርዱን ወደሰጠው ችሎት ሄደሽ አፈጻጸም ጠይቂ። የፍርዱን ግልባጭና የልጁን የልደት ምስክር ወረቀት ያዢ።

ልብሱን ላኪ። መስማማት እንዳይመስልብሽ ከልብሱ ጋር «እስኪመለስ ድረስ የሚለብሰው ነው» ብለሽ ጻፊ፣ ያስያዝሽበትን ሹፌር ስልክም መዝግቢ። ሹራቡን ግን ከላይ አድርጊው፤ ክረምቱ ገብቷል፣ ልጁ የሄደው በበዓል ልብሱ ነው።