ሆፕስን እንደ ጌሾ አትያዙት

ጠላ ሲጠመቅ እያየን ላደግን ሰዎች ጌሾ መጀመሪያ የሚገባ ነገር ነው። እናቴ ጋኑን በግራዋ አጥባ፣ በወይራ አጥና ስታበቃ የተወቀጠውን ጌሾ በውሃ ትጠነስሳለች፤ ከዚያ በኋላ ብቅሉም ድፍድፉም በላዩ ይመጣል እንጂ ጌሾው ከጋኑ አይወጣም። እዚህ ሲያትል በቤታቸው ቢራ መጥመቅ የጀመሩ ወገኖቼ ሆፕስን፣ ለቢራ ምሬትና መዓዛ የሚሰጠውን የሐረግ አበባ፣ የሚያበላሹት በዚሁ ልማድ ነው። ቀድመው ይጨምሩታል፣ አብዝተው ይጨምሩታል፣ ከዚያም ይተዉታል። የድካማቸው ዋጋ እንዲህ ሲባክን ማየት ስለሚያሳዝነኝ ነው ይህን የምጽፈው።

ሆፕስ ሁለት ሥራ አለው። መራራነቱን የሚያወጣው እሳት ነው፤ ከብቅሉ ውሃ ጋር አንድ ሰዓት ያህል ሲፈላ በውስጡ ያለው አልፋ አሲድ የሚባል ንጥረ ነገር ተለውጦ ይሟሟል። ሽታው ያለው ግን በዘይቱ ውስጥ ነው፤ ዘይቱ ደግሞ እሳት ሲያገኘው ከእንፋሎቱ ጋር ይሄዳል። ወጥ ቤቱን ያወደው መዓዛ ሁሉ ከብርጭቆው የተቀነሰ ነው። ድራይ ሆፒንግ የሚባለው ታዲያ ለዚህ መዓዛ ሲባል ሆፕሱን ሳያፈሉ፣ ቀዝቅዞ በተብላላው ቢራ ላይ መጨመር ነው።

መቼ? እርሾው ሥራውን ሊጨርስ ሲል ወይም እንደጨረሰ። ቢራው በሚንተከተክበት በሁለተኛው ቀን ከጨመራችሁት የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ መዓዛውን ይዞት ይሄዳል። ደፍርሰው የሚጠጡትን አዳዲስ ቢራዎች የሚሠሩ ጠማቂዎች ሆን ብለው ቀድመው የሚጨምሩበት ምክንያት አላቸው፤ ለጀማሪ ግን አልመክርም። አረፋው መቆሙን አይታችሁም አትወስኑ። ሃይድሮሜትር ግዙ፤ ስኳሩ ሲያልቅ የሚቀንሰውን የቢራውን ጥግግት የሚለካ መሣሪያ ነው፣ ዋጋውም ትንሽ ነው። ዛሬ 1.012 ካነበበ፣ ከሁለት ቀን በኋላም 1.012 ካነበበ ጊዜው ደርሷል። በ18 ወይም በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ለተቀመጠ ተራ ቢራ ይህ አብዛኛውን ጊዜ ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይሆናል።

መጠኑን በሚዛን እንጂ በእፍኝ አትለኩ። ለ20 ሊትር 60 ግራም ጥሩ መነሻ ነው፤ መዓዛ የሚወድ ሰው እስከ 100 ግራም ይሂድ። በሊትር ከ8 ግራም በላይ መጨመር ግን ገንዘብ ማባከን ነው፤ መዓዛው እንደ ወጪው አይጨምርም፣ ጣዕሙም ወደ ሻይ ቅጠልና ወደ ሣር ያደላል። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሞክር ካስኬድ የሚባለውን ሆፕስ እመርጣለሁ። በ1972 እ.ኤ.አ. ለገበሬ የተለቀቀ የቆየ ዝርያ ነው፤ አበባና ግሬፕፍሩት ይሸታል፤ ዋጋውም አይጎዳም። ተፈጭቶ እንደ ክኒን የተጠቀጠቀው፣ ፔሌት የሚባለው፣ ከሙሉው አበባ ይልቅ ቶሎ መዓዛውን ይሰጣል።

አንድ የመከር ጊዜ ከሲያትል ተነሥቼ የአሜሪካ ሆፕስ አብዛኛው ወደሚበቅልበት ወደ ያኪማ ሸለቆ ወርጄ ነበር። ሐረጉ ከአምስት ሜትር በላይ በሚረዝም ገመድ ላይ ተንጠላጥሎ ቆሟል። አንዱን አበባ በአውራ ጣቴ ስሰነጥቀው በቅጠሎቹ ሥር ቢጫ ዱቄት አየሁ፤ ጣቴ ላይ ተጣበቀ፣ እስከ ማታም አለቀቀኝም። የምንገዛው ያን ቢጫ ዱቄት ነው። አየርና ሙቀት ያበላሹታል፤ ስለዚህ አየር በሌለው እሽግ ውስጥ ያለውን ግዙ፣ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡ፣ የተከፈተውን ቶሎ ጨርሱ። አይብ አይብ ከሸተታችሁ ጣሉት።

ሲጨመር ሆፕሱ ራሱ መታጠብ አያስፈልገውም፤ ተሐዋስያን እንደ ልባቸው የሚባዙበት ነገር አይደለም። ሆፕሱ የሚገባበት ከረጢት፣ የሚታሰርበት ክርና እጃችሁ ግን ጋኑ በግራዋና በወይራ የሚያገኘውን ያህል ክብር ይገባቸዋል። ከረጢቱን አትጠቅጥቁት፤ ሆፕሱ ሲርስ ያብጣል። ክዳኑን ፈጥናችሁ ክፈቱ፣ ፈጥናችሁ ዝጉ፤ አታማስሉ፣ አትናጡ። ኦክሲጅን የገባበት ቢራ በሳምንታት ውስጥ ይጠቁራል፣ የረጠበ ካርቶንም ይሸታል። በሦስተኛው ቀን አውጡት። ፔሌት አብዛኛውን መዓዛ በመጀመሪያው ቀን ስለሚለቅ ሁለት ሳምንት የሚያቆየው ምክንያት የለም።

አሁን ከሁሉ በላይ ልብ እንድትሉት የምፈልገው ይኸውና። ለልጄ ክርስትና ያዘጋጀሁትን ቢራ ሆፕሱን ባወጣሁ ማግስት በጠርሙስ ሞላሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሌሊት ከዕቃ ቤት ፍንዳታ ሰማን፤ ሦስት ጠርሙሶች ተሰባብረው ስባሪው በሩ ላይ ተሰክቶ ነበር። ልጆቹ ቀን ቀን እዚያ ይጫወታሉ። በኋላ እንደተረዳሁት ሆፕስ የራሱ ኢንዛይም አለው፤ እርሾው ያልቻለውን ስኳር ሰባብሮ ያቀርብለታል፣ እርሾውም እንደገና ሥራ ይጀምራል። ያ በጠርሙስ ውስጥ ከሆነ ጋዙ መውጫ የለውም። ስለዚህ ሆፕሱን ካወጣችሁ በኋላ ቢራውን እዚያው ሙቀት ላይ ጥቂት ቀን አቆዩት፤ ሃይድሮሜትሩ እንደገና ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት ቁጥር ካላነበበ ጠርሙስ አትንኩ። የቅቤ ሽታ ከመጣም ገና ነው፤ እርሾው ራሱ ያጠፋዋል።

ውሻ ያላችሁ አተላውን ግቢ አትድፉ፤ ሆፕስ የውሻን ሰውነት በትኩሳት አግሎ ይገድላል። በአሜሪካ የፌዴራሉ ሕግ ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለቤት ፍጆታ መጥመቅን ፈቅዷል፤ መሸጥን ግን አይፈቅድም። ሳዑዲ ዓረቢያና ኩዌት ያላችሁ እህቶቼና ወንድሞቼ አትሞክሩት፤ በሕግ የተከለከለ ነው፣ ለእስርና ለመባረርም ይዳርጋል።

የሆፕስ መዓዛ ሲቆይ ስለሚደክም ለበዓል የምትጠምቁ ከበዓሉ ወደ ኋላ ቁጠሩ። ለእንቁጣጣሽ ከሆነ ፍልሰታ በሚገባበት ነሐሴ 1 ጥመቁ፤ ልኬቱ ከረጋ ነሐሴ 11 ሆፕሱን ጨምሩ፣ ነሐሴ 14 አውጡ፣ ነሐሴ 19 ጠርሙስ ሙሉ። ጳጉሜ ሲገባ ወደ ማቀዝቀዣ አስገቡት፤ አደይ ባይኖርም መስከረም 1 ቀን ጠዋት ስትከፍቱት ቤቱ አበባ አበባ ይሸታል።