ሳይክል ላይ ሞተር መግጠም ሥራ ይሆነኛል?

ጥያቄው ከፍኖተ ሰላም የመጣ ነው። ጠያቂው ወጣት በአውቶ መካኒክ ደረጃ 3 ጨርሷል። ዘመድ ያመጣለትን ትንሽ የቤንዚን ሞተር ሳይክሉ ላይ ገጥሞ ይነዳል። አሁን «ለእኔም ግጠምልኝ» የሚሉ ሰዎች መጥተዋል። ባሕር ዳር ወርዶ ሱቅ መክፈት አምሮታል። አባቱ ግን የሚያውቁት ጋራዥ ስላለ በረዳትነት ግባ ይሉታል። «የትኛው ያዋጣኛል?» ነው የሚለው።

ወንድሜ፣ መጀመሪያ እጅህ ይባረክ። ያንን ሞተር ገጥሞ ማስነሳት ቀላል አይደለም። ብዙ ሰው ግማሽ ላይ ትቶት ካርቶኑ አልጋ ሥር ይቀራል።

አቋሜን ላስቀድም። ሳይክል ላይ ሞተር መግጠም ብቻውን እንጀራ ይሆናል ብዬ አላምንም። ትንሽ ሞተር ጠንቅቆ ማወቅ ግን ይሆናል። ስለዚህ ሳይክሏን እንደ ሱቅ አትያት፤ እንደ መማሪያ ያዛት። ባሕር ዳርንም ለጊዜው ተዋት። ሜዳ ናት፣ ሳይክሉ ሞልቷል፣ ጠጋኙም በየሰፈሩ አለ። በሜዳ ላይ ሰው በእግሩ እየረገጠ ይደርሳል፤ ሞተርህን የሚፈልገው ዳገት ያለበት ሰው ነው። እሱ ደግሞ ያለው አንተ ሰፈር ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ደንበኛ ከመቀበልህ በፊት የገጠምካትን የራስህን ሳይክል አውጣና ሦስት ነገር አሳየኝ ብልህ ምን ታሳየኛለህ?

አንደኛ ፍሬን። የእነዚህ ሞተሮች ፍሪሲዮን (ክላች) መያዣው በመሪው ግራ በኩል ነው የሚገባው። እዚያ ቦታ ላይ ፍሬን አለ። ብዙ ገጣሚ ምን ያደርጋል? ፍሬኑን ነቅሎ ፍሪሲዮኑን ያስራል። በእግር ስትረገጥ የነበረችው ሳይክል አሁን በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ትሮጣለች፤ የቀራት ግን አንድ ፍሬን ነው! ሁለቱን ፍሬን በአንድ እጅ የሚይዝ ማንሻ አለ። እሱን ፈልግ። ካጣህ ፍሪሲዮኑን ሌላ ቦታ አድርገው እንጂ ፍሬን አትንቀል። ደንበኛው «ግድ የለም፣ እኔ ቀስ ብዬ ነው የምነዳ» ቢልህም አትግጠምለት። የወደቀ ቀን «እሱ ነው የገጠመው» ማለቱ አይቀርም።

ሁለተኛ የኋላው ጥርስ። ከሞተሩ ጋር የሚመጣው፣ ሰንሰለቱ የሚዞርበት ጥርስ በላስቲክ መሃል ተደርጎ ከቸርኬው ሽቦዎች ጋር በቡሎን ይታሰራል። መሃሉን ሳይጠብቅ ከታሰረ ሰንሰለቱ አንዴ ይላላል፣ አንዴ ይወጠራል። ሳይክሏን ገልብጠህ ጎማውን በእጅህ ቀስ አድርገህ አዙር፤ ዓይንህን ከሰንሰለቱ አትንቀል። ከፍ ዝቅ ካለ ፍታና እንደገና እሰር። የሰንሰለት መወጠሪያውን ደግሞ በተለይ ተጠንቀቅ። ከላላ ዞሮ ሽቦው ውስጥ ይገባና ጎማውን ቀጥ ያደርገዋል። እየሮጥክ የኋላ ጎማ ሲቆም ምን እንደሚሆን አንተው አስበው።

ሞተሩ በጣም ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ ቡሎን ሁሉ ይፈታል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚባለው እዚህ ቃል በቃል ይሠራል። ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ ዞረህ ሁሉንም ፈትሽ። ስታጠብቅ ግን አቅምህን ሁሉ አትጨምር፤ የቡሎኑ ጥርስ ሞተሩ አካል ውስጥ ይበላል፣ ከዚያ በኋላ ጣጣ ነው። አሉሚኒየም አካል ያላቸው ወፋፍራም አዳዲስ ሳይክሎች ሲመጡልህም እምቢ በል። የሞተሩ መያዣ የተሠራው ለቀጭን የብረት ቱቦ ነው። ቱቦውን በስቼ አስገባዋለሁ ካልክ ስንጥቅ እየጋበዝክ ነው። አሮጌዋ የብረት ሳይክል ትሻላለች።

ሦስተኛ ነዳጅ። ይህ ነው ብዙ ሞተር የሚገድለው። ያንተ ሞተር ቱ ስትሮክ ነው። ለብቻው የሚቀመጥ የሞተር ዘይት የለውም፤ ዘይቱን የሚያገኘው ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ነው። አብሮት የመጣውን ወረቀት ተከተል። 25 ለ1 የሚል ከሆነ ለአንድ ሊትር ቤንዚን 40 ሚሊ ሊትር ዘይት ማለት ነው። ለአዲስ ሞተር 16 ለ1 የሚሉም አሉ፤ ያ ወደ 60 ሚሊ ሊትር ይጠጋል። በግምት «ትንሽ ጠብ» አታድርግ። ከፋርማሲ አንድ ሲሪንጅ ግዛና ለክ። ዘይቱም ለቱ ስትሮክ የተሠራ ይሁን፤ ከመኪና የተረፈ ዘይት አይሆንም።

አንድ ነገር ብዙዎች አያውቁም። ረጅም ቁልቁለት ላይ ጋዙን ዘግተህ በሞተሩ እየያዝክ ስትወርድ ሞተሩ በኃይል ይዞራል፤ የሚያገኘው ቤንዚን ግን ኢምንት ነው። ቤንዚን ከሌለ ዘይትም የለም። ፒስቶኑ ደርቆ ይጣበቃል። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርደውን መንገድ አስብ። ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። እዚያ በሳይክል ሞተር ውረድ አልልህም፤ የሳይክል ፍሬንም አይችለውም። ትንሹ ቁልቁለት ላይ ግን ፍሪሲዮን ይዘህ በፍሬን ውረድ ብለህ ለደንበኛህ ንገረው።

ከፍታውም የራሱ ጉዳይ አለው። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ነው። እዚያ አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። ሞተሩ ጉልበት ያጣል፣ ቤንዚኑም ይበዛበታል። ካንዴላውን፣ ማለት ብልጭታ የሚሰጠውን፣ ፍታና እየው። ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ካርቡሬተሩ ውስጥ ያለውን መርፌ ክሊፕ አንድ ደረጃ ወደ ላይ አንሳ፤ መርፌው ዝቅ ይልና ቤንዚኑ ይቀንሳል። ቀላ ያለ ቡና መልክ ሲይዝ ተወው። ነጭ ከሆነ ግን አለፍክ፤ መልስ። እንዲህ ካንዴላ ማንበብ የቻለ ልጅ ጋራዥ ሲገባ ከረዳትነት ቶሎ ይወጣል።

ገንዘቡ ያለው ግን ከሳይክሉ ሌላ ቦታ ነው። ከመኸር በኋላ ብር ወንዝን ወይም ግልገል ዓባይን ተከትለህ ብትሄድ የቤንዚን የውሃ ፓምፕ ድምፅ ትሰማለህ። በመጋቢት ፓምፑ የቆመበት ገበሬ ሽንኩርቱ እያረረበት ነው፤ መካኒኩን ሲፈልግ ዋጋ አይከራከርም። ካርቡሬተር፣ ካንዴላ፣ የፒስቶን ፋሻ፣ ሁሉም ሳይክልህ ላይ የተማርከው ነው። ልዩነቱን ብቻ ልብ በል። ፓምፖቹ በአብዛኛው ፎር ስትሮክ ናቸው፤ ዘይታቸው ለብቻው ነው፣ ቤንዚናቸው ንጹሕ ነው። ተሳስተህ የፓምፕ ቤንዚን ሳይክሏ ላይ ብትጨምር ሞተሩን ታቃጥለዋለህ። ሁለቱን ጀሪካን በቀለም ለያቸው።

ሕጉን በተመለከተ፦ ሞተር የገባበት ሳይክል መንገድ ላይ ሲያዝ ትራፊክ ፖሊስ እንደ ሳይክል ላያየው ይችላል። ሰሌዳ፣ መንጃ ፈቃድና ኢንሹራንስ ይጠየቅ እንደሆነ ከከተማው ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ራስህ ሄደህ ጠይቅ። መልሱን ሳታገኝ ከማንም ቀብድ አትቀበል። ነዳጁም እንዳሰብከው እንደማይገኝ ወረፋውን አይተሃል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከልክሏል፤ ነገሩ ወደ ኤሌክትሪክ እያዘነበለ ነው። ጊዜ ስታገኝ ባትሪና የኤሌክትሪክ ሞተር መነካካት ጀምር።

ስለዚህ አባትህ ትክክል ናቸው፤ ግን በግማሽ። ጋራዡ ግባ። ስትገባ ግን ባለቤቱን አንድ ነገር ጠይቃቸው፦ «ፓምፕና ትንሽ ሞተር ሲመጣ ለእኔ ስጡኝ»። ብዙ ጋራዥ እነዚህን ሥራዎች እንደ ጣጣ ነው የሚያያቸው፤ ደስ ብሏቸው ነው የሚሰጡህ። እሑድ እሑድ ደግሞ የመጡልህን ሁለትና ሦስት ሳይክሎች ግጠም። ሞተሩን ደንበኛው ራሱ ይግዛ፤ አንተ የእጅህን ዋጋ ብቻ ተቀበል። ዕቃው ቢበላሽ ዕዳው አንተ ላይ አይወድቅም። የሠራኸውን ሁሉ በደብተር ጻፍ፦ ምን መጣ፣ ምን ተበላሽቶ ነበር፣ ምን ቀየርክ፣ ስንት ተከፈለህ። የሙያ ብቃት ምዘና ፈተና ካልወሰድክም አሁኑኑ ተመዝገብ። ነገ ከጓደኞችህ ጋር ተደራጅታችሁ የመሥሪያ ቦታና ብድር ስትጠይቁ የምዘናው ወረቀትና ይህ ደብተር አብረው ይቀርባሉ።

የመስኖው ወቅት ሲያልቅ ደብተርህን ገልጠህ ደምረው። ከፓምፕ የገባው ከሳይክሉ ከበለጠ ሱቁን እዚያው ፍኖተ ሰላም ክፈት። ካልበለጠ ግን ቁጥሮቹን ጽፈህ ላክልኝ፤ አብረን እናያቸዋለን።