የምታስተምሪው ነገር ነው የሚያስተዋውቅሽ

ውድ ጠያቂዬ፣

ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። በሙዚቃ ከተመረቅሽ ዓመት ሞልቶሻል። ቫዮሊን ትጫወቻለሽ። ስትጫወቺ የሚያሳይ ቪዲዮ ለስምንት ወር በየሳምንቱ ለቀሻል፤ ተከታይሽ ግን 300 አልሞላም። ማታ ማታ ደግሞ አራት ልጆች ታስተምሪያለሽ። የጠየቅሽኝ ይህን ነው፦ «ማስተማሩን ትቼ ሶሻል ሚዲያው ላይ ልሥራ? ወይስ ፔጁን ዘግቼ አርፌ ላስተምር?»

አንዱንም አትተዪ። ሁለቱን አንድ ሥራ አድርጊያቸው ነው የምልሽ።

የላክሽልኝን ቪዲዮዎች አየኋቸው። በደንብ ትጫወቻለሽ። ግን በደንብ የሚጫወት ሰው ዩቲዩብ ላይ ሞልቷል። የማያውቅሽ ሰው ቪዲዮሽን አይቶ «ጎበዝ ናት» ይልና ያልፋል። ደብዳቤሽ መሃል ላይ እንደ ዋዛ የጻፍሽው ነገር ግን ቀልቤን ያዘው። አንዷ ተማሪሽ ቀስቷ ቀጥ አልል እያለ ድምፁ ሲሻክርባት መስታወት ፊት አቆምሻት። ቀስቱ ክሮቹን ከሚሸከመው እንጨት ጋር ትይዩ ሆኖ መሄዱን በራሷ ዓይን እያየች አስተካከለችው። ይሄ እኮ የ60 ሰከንድ ቪዲዮ ነው!

አስቢው። ዛሬ ማታ ቫዮሊኑ እየጮኸበት የተቸገረ ጀማሪ አለ። ልጇን እንዴት እንደምትረዳ የጨነቃት እናት አለች። እነዚህ ሰዎች ያንቺን ስም አይፈልጉም፤ የችግራቸውን መፍትሔ ነው የሚፈልጉት። ዩቲዩብ ደግሞ የመዝናኛ ቦታ ብቻ አይደለም፣ ሰው ጥያቄውን ጽፎ መልስ የሚፈልግበት ቦታም ነው። አንድ ዘፈን የተጫወትሽበት አጭር ቪዲዮ ብዙ ጊዜ በቀናት ውስጥ ይረሳል። «ቀስቴ ለምን ይንሸራተታል?» የሚል ርዕስ ያለው ግን ከዓመት በኋላም ጠያቂ ያገኘዋል። ርዕሱን ተማሪዎችሽ በሚጠይቁበት አነጋገር ጻፊው። የሙያውን ቃል ጀማሪ ገና አያውቀውም።

መጫወትሽን ደብቂ ማለቴ አይደለም። ትምህርቱን በጨረስሽ ቁጥር ያስተማርሽው ነገር ያለበትን ሙዚቃ ሃያ ሰከንድ ያህል ተጫወቺው። ተመልካቹ አሁን ምን መስማት እንዳለበት ስላወቀ በሌላ ጆሮ ነው የሚሰማሽ። ትኬት ገዝቶ ኮንሰርትሽ ላይ የሚመጣው ሰው ከነዚህ መሃል ነው የሚወጣው ብዬ አምናለሁ።

«አንድ ቪዲዮ ቫይራል ቢሆንልኝ» ብለሻል። ምኞትሽ ይገባኛል። እ.ኤ.አ. በ2007 ጆርኒ የተባለው የአሜሪካ የሮክ ባንድ ድምፃዊ ሲፈልግ አርኔል ፒኔዳን ያገኘው ዩቲዩብ ላይ ነው። ፊሊፒንስ ውስጥ ሲዘፍን የተቀረጹ ቪዲዮዎች ነበሩ። ሰውዬው ግን ያኔ ዕድሜው 40 ገደማ ነበር። ከወጣትነቱ ጀምሮ በየባንዱ ሲዘፍን ኖሯል። ቪዲዮው ያሳየው ለዓመታት የተሠራውን ድምፅ ነው። ስለዚህ የልምምድ ሰዓትሽን ለኤዲቲንግ አትሰዊ። በሳምንት አንድ ቪዲዮ ይበቃሻል።

ስለ ገንዘቡ በግልጽ ልንገርሽ። ከዩቲዩብ ማስታወቂያ ድርሻ ለማግኘት 1,000 ተከታይና በ12 ወር ውስጥ 4,000 ሰዓት መታየት ይጠየቃል፤ ወይም ደግሞ በ90 ቀን ውስጥ በአጫጭር ቪዲዮዎች 10 ሚሊዮን እይታ። እያንዳንዱ ተመልካች ሦስት ደቂቃ ቢያይልሽ 4,000 ሰዓት ማለት 80,000 እይታ ነው። ሙዚቃ ማዳመጫው ስፖቲፋይም እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ በ12 ወር ውስጥ 1,000 ጊዜ ላልተደመጠ ሙዚቃ አይከፍልም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ገቢሽ ከዚህ አይመጣም። ከተማሪ ነው የሚመጣው። ቪዲዮሽን አይተው አራቱ ልጆች አሥር ቢሆኑ ሥራ አገኘሽ ማለት ነው። ፔጅሽ ላይ ለመመዝገብ የት እንደሚጻፍልሽ በጉልህ ይቀመጥ፤ አሁን ፈልጌ አጥቼዋለሁ።

አንድ የጓጓሁለት ሐሳብ አለኝ። አራቱን ልጆች አንድ ላይ አጫውቻቸው፣ ግን እያንዳንዳቸው ቤታቸው ሆነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ኤሪክ ዊታከር የተባለው አሜሪካዊ የሙዚቃ ደራሲ ከ12 አገሮች የተውጣጡ 185 ድምፃውያን በየቤታቸው የቀረጹትን ገጣጥሞ አንድ መዘምራን አድርጎ አሳይቷል። በቀጥታ በቪዲዮ ጥሪ አትሞክሪው፣ አይሆንም። ድምፅ በአየር ላይ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ አሥር ሜትር ርቆ ከቆመ ሰው ሲደርስሽ 30 ሚሊሰከንድ ያህል ይዘገያል። ያን ያህል መዘግየት እንኳ አብሮ መጫወትን ያከብዳል፤ ኢንተርኔት ደግሞ ብዙ ጊዜ ከዚያ ይብሳል። ይልቅ አንቺ ከሜትሮኖም (ምት ከሚቆጥረው መሣሪያ) ጋር መሪውን ቅጂ ቅረጪና ላኪላቸው። በጆሮ ማዳመጫ እየሰሙ የየራሳቸውን ይቅረጹ። ከዚያ ገጣጥሚው። ልጆቹ ይህን ሲሠሩ ራሳቸውን ደጋግመው ለመስማት ይገደዳሉ። ሪትማቸው የት እንደሚፈጥን ያለ አንቺ ቁጣ ያውቁታል። ማንም ላይክ ባያደርገው እንኳ ትልቅ ትምህርት ነው።

እዚህ ላይ ግን ጥብቅ ነኝ። የልጆቹን ቪዲዮ ከመልቀቅሽ በፊት የወላጅ ፈቃድ በጽሑፍ ይኑርሽ። ልጁንም ጠይቂው፤ «አልፈልግም» ካለ በቃ። ፈቃድ ባለበትም ቢሆን ስምና ትምህርት ቤት አይጠቀስ። እጃቸውን ብቻ ማሳየት ብዙ ጊዜ ይበቃል።

የቤትሆቨንን ድርሰት ተጫውቼ ልልቀቅ ወይ ላልሽው የቅጂ መብት ጥያቄ በአጭሩ ልመልስ። ቤትሆቨን ያረፈው እ.ኤ.አ. በ1827 ነው፤ የድርሰቱ መብት ጊዜው አልፏል፤ ድርሰቱን ራስሽ ብትጫወቺው ማንም አይከለክልሽም። ሌላ ሰው የቀረጸውን ቅጂ ማስገባት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ቅጂው የራሱ ባለመብት አለው። የዩቲዩብ ማሽን አንዳንዴ ያንቺን አጨዋወት የሌላ ሰው ቅጂ ነው ብሎ ይይዘዋል። አትደንግጪ፣ አቤቱታ ማስገቢያ አለው።

ደግሞም የቀረጽሽውን ሁሉ ሃርድ ዲስክ ላይ አስቀምጪ። ማይስፔስ የተባለው ማኅበራዊ ድረ ገጽ እ.ኤ.አ. በ2019 ከ2016 በፊት የተጫኑበት ሙዚቃዎች ሰርቨር ሲቀየር እንደጠፉ አሳውቋል። ሌላ ቅጂ ያልነበራቸው ሙዚቀኞች ሥራቸው አብሮ ቀረ። ሳስበው አሁንም ያመኛል። የተማሪዎችሽንና የወላጆችን ኢሜይልም እያስፈቀድሽ ሰብስቢ። ፔጁ ቢዘጋ የምታገኚያቸው በዚያ ነው።

ካሜራ ልግዛ ወይ ላልሽው፣ አይ፣ ማይክሮፎን ይቅደም። በዙም ስታስተምሪ ደግሞ ድምፅ ማጣሪያውን አጥፊው። ረዥሙን የቫዮሊን ድምፅ እንደ ጫጫታ ቆጥሮ ይቆርጠዋል።

በዚህ ሳምንት የመስታወቷን ቪዲዮ ሥሪ። ከመልቀቅሽ በፊት ቫዮሊን ይዞ ለማያውቅ ሰው አሳዪውና የቱ ጋ እንደጠፋበት ጠይቂው። ከዚያ ለእኔም ላኪልኝ፣ አየዋለሁ።