ልሰርዘው ወይስ ላስተካክለው? ስለ መሣሪያ መዝገብ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ሁሉ በኔትወርክ መከታተያ ሶፍትዌር ውስጥ ስለሚገኙ የመሣሪያ መዝገቦች የሚያነሱ ናቸው። መልካቸው ቢለያይም አብዛኞቹ ምንጫቸው አንድ ነው፤ መዝገቡ መሣሪያውን የሚለየው ነገ ሊለወጥ በሚችል ነገር ነው።

ጥያቄ፦ የስዊቾቻችንን የማኔጅመንት አድራሻ በሙሉ ወደ ሌላ ሰብኔት (የአድራሻ ክልል) ልናዛውር ነው። ሊብሬኤንኤምኤስ በተባለው መከታተያ ሶፍትዌር ላይ የተመዘገቡት በአይፒ አድራሻቸው ነው። «የድሮዎቹን ሰርዘህ በአዲሱ አድራሻ መዝግባቸው» የሚሉኝ አሉ፤ የሁለት ዓመቱ ግራፍ ግን ያሳሳኛል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ አይሰርዙ። ሊብሬኤንኤምኤስ መሣሪያ ሲሰረዝ የግራፍ ፋይሎቹንም አብሮ ከዲስክ ያጠፋቸዋል፤ ባክአፕ ከሌለዎት መመለሻ የለውም። ሶፍትዌሩ ለእያንዳንዱ መሣሪያ በሆስትኔም መስኩ ላይ በተጻፈው ስም ፎልደር ይከፍታል፤ የግራፉን ዳታ የሚይዙት የአርአርዲ ፋይሎችም የሚቀመጡት እዚያ ነው። የእርስዎ መስክ ላይ ያለው አይፒ ስለሆነ ፎልደሩም በአይፒው ተሰይሟል። እንግዲህ የሚያስፈልግዎት የስም ለውጥ እንጂ አዲስ ምዝገባ አይደለም።

ሥራውን በአንድ ስዊች ይጀምሩ። መጀመሪያ የዳታቤዙንና የአርአርዲ ፎልደሩን ባክአፕ ይያዙ፤ መሣሪያውንም በጥገና ሰዓት ውስጥ ያስገቡት፤ አለዚያ ማንቂያው ይጎርፋል። ከዚያ አድራሻውን ስዊቹ ላይ ይቀይሩ። ወደ ሶፍትዌሩ ከመሄድዎ በፊት ከክትትል ሰርቨሩ ሆነው አዲሱን አድራሻ በኤስኤንኤምፒጌት 1.3.6.1.2.1.1.5.0 ብለው ይጠይቁት፤ የስዊቹን ስም መመለስ አለበት። (ኤስኤንኤምፒ ሶፍትዌሩ መሣሪያዎችን የሚጠይቅበት ፕሮቶኮል ነው፤ እንዲህ ያለው ረጅም ቁጥር ደግሞ የሚጠየቀውን መረጃ ይለያል።) ዝም ካለ ችግሩ ከመዝገቡ ሳይሆን ከአዲሱ ሰብኔት ፋየርዎል ወይም ስዊቹ ላይ ካለው የአክሰስ ሊስት (የተፈቀደላቸው ጠያቂዎች ዝርዝር) ነው፤ እሱ ሳይስተካከል ስም አይቀይሩ። መልስ ከሰጠ ከሶፍትዌሩ ጋር የሚመጣውን የሆስት ስም መቀየሪያ ስክሪፕት በድሮውና በአዲሱ ስም ያስኪዱት። ይህን ሲያደርጉ በሊብሬኤንኤምኤስ ዩዘር ይግቡ እንጂ በሩት (ሙሉ ሥልጣን ባለው ዩዘር) አይግቡ። በሩት የተነኩ ፋይሎች ባለቤትነታቸው ወደ ሩት ሊዞር ይችላል፤ ያኔ ፖለሩ (መሣሪያዎቹን በየጊዜው የሚጠይቀው ክፍል) መጻፍ ያቅተውና ስም መቀየሩ የተሳካ እየመሰለ ግራፉ ባለበት ይቆማል። ፖሊንጉ በመነሻው በየ5 ደቂቃው ስለሆነ ሁለት ዙር ጠብቀው የግራፉን መስመር ይመልከቱ። ትንሽ ክፍተት ታይቶ መስመሩ ከቀጠለ ወደሚቀጥለው ስዊች ይሂዱ።

አንድ ምክር እንጨምር። ይህን ያህል ከደከሙ ወደ አዲሱ አይፒ አይቀይሩት፤ አሁኑኑ ወደማይለወጥ ስም ያዙሩት። ዲኤንኤስ (ስምን ወደ አይፒ የሚተረጉመው አገልግሎት) ሲወድቅ ክትትሉም አብሮ ይታወራል ብለው ከሰጉ፣ የመሣሪያው ማስተካከያ ገጽ ላይ ከስሙ ይልቅ በተወሰነ አይፒ እንዲጠይቅ የሚያደርግ መስክ አለ። ስሙ የፎልደሩ መጠሪያ ሆኖ ይቀራል፣ አይፒውን በዚያ መስክ ያስገባሉ፤ በሚቀጥለው ጊዜ አድራሻ ሲለወጥ የሚነኩት ያንን አንድ መስክ ብቻ ይሆናል። ዛቢክስ የተባለውን ሌላ መከታተያ ለሚጠቀሙ አንባቢያን ነገሩ ከመነሻው ቀላል ነው፤ ታሪኩ የተያያዘው ከአድራሻው ጋር ስላልሆነ በሆስቱ ኢንተርፌስ ላይ ያለውን አይፒ ማረም ይበቃል።

የሚቀየረው አድራሻው ሳይሆን ስዊቹ ራሱ ከሆነስ? ሥራው ያው፣ የፖርቶቹም አሰያየም ያው ከሆነ መዝገቡን ያቆዩት፤ የድሮውንና የአዲሱን ሲሪያል ቁጥር ከቀኑ ጋር በማስታወሻ መስኩ ላይ ይጻፉ። ከዚያ ዲስከቨሪውን (መሣሪያው ምን ምን ክፍሎች እንዳሉት የሚመረምረውን ሥራ) በእጅ ያስጀምሩት። በራሱ የሚነሳው በመነሻው በየ6 ሰዓቱ ነው፤ እስከዚያው ድረስ ሶፍትዌሩ የድሮውን ስዊች የሙቀት መለኪያና ፋን እየፈለገ የሐሰት ማንቂያ ሊሰጥ ይችላል። አምራቹ ከተለየና የፖርት ስሞቹ ካልገጠሙ ግን አዲስ መዝገብ ይክፈቱ፤ የድሮውን ፖሊንጉን አቁመው ያስቀምጡት።

ጥያቄ፦ በኔትወርኩ ላይ አዳዲስ መሣሪያዎችን የሚፈልገውን ዲስከቨሪ ካስጀመርን ወዲህ አንዱ ራውተር በሦስት አድራሻ ሦስት ጊዜ ተመዝግቦ አገኘነው። በሌላ በኩል አዳዲስ አክሰስ ፖይንቶች (የዋይፋይ ማሠራጫዎች) ስንጨምር ከመጀመሪያው በቀር ሌሎቹን «ቀድሞ ተመዝግቧል» እያለ አይቀበልም። ሁለቱ ችግሮች ይገናኛሉ?

መልስ፦ ይገናኛሉ። በመጀመሪያው ሶፍትዌሩ አንዱን መሣሪያ ብዙ አድርጎ አየው፤ በሁለተኛው ብዙውን አንድ አድርጎ ቆጠረው።

ራውተር በየኢንተርፌሱ አድራሻ አለው፤ ካልተከለከለ በቀር በሁሉም በኩል ለኤስኤንኤምፒ ይመልሳል። ሰብኔቶቹን የሚያስሰው ዲስከቨሪ መለያው አይፒ ከሆነ እያንዳንዱን አድራሻ ለየብቻው መሣሪያ አድርጎ ይመዘግባል። ሦስቱ አንድ መሆናቸውን ለማረጋገጥ በሦስቱም አድራሻ 1.3.6.1.2.1.1.5.0 ን እና 1.3.6.1.2.1.1.3.0 ን ይጠይቁ። የመጀመሪያው ስሙን፣ ሁለተኛው ከተነሳ የቆየበትን ጊዜ ይሰጣል። ስሙ አንድ ሆኖ ጊዜው በሴኮንዶች ብቻ ከተለያየ ነገሩ ያለቀ ነው ማለት ይቻላል። ፈጽሞ እርግጠኛ ለመሆን በ1.3.6.1.2.1.47.1.1.1.1.11 ስር ያለውን የሲሪያል ቁጥር ዝርዝር ያወዳድሩ።

ከሦስቱ ረጅም ታሪክ ያለውን ያስቀሩ፤ የሚጠየቅበትንም አድራሻ ወደ ሉፕባክ (የራውተሩ የውስጥ አድራሻ) ይቀይሩት። ሉፕባክ ከየትኛውም ፖርት ጋር ስላልታሰረ አንድ ገመድ ሲነቀል ራውተሩ የወደቀ አይመስልም። ሁለቱን ከመሰረዝዎ በፊት የማንቂያ ደንቦችን፣ ዳሽቦርዶችንና በጥገኝነት የተያያዙ መሣሪያዎችን ይፈትሹ። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ጥገኝነቱ ነው፤ ከኋላ ያሉት ስዊቾች በተሰረዘው መዝገብ ላይ ተንጠልጥለው ከነበረ ራውተሩ ሲወድቅ የሁሉም ማንቂያ በአንዴ ይመጣል። ዛቢክስ ላይ ደግሞ በዲስከቨሪ ደንቡ ውስጥ የመሣሪያ መለያ መስፈርት የሚል ምርጫ አለ፤ ከአይፒ አድራሻ ወደ ስሙ ወይም ወደ ሲሪያል ቁጥሩ ኤስኤንኤምፒ ጥያቄ ያዙሩት። ይህ ካልሆነ የሰረዟቸው በሚቀጥለው ዙር ተመልሰው ይገባሉ።

አክሰስ ፖይንቶቹ ከፋብሪካ የወጡት በአንድ ዓይነት ስም ይሆናል። ሊብሬኤንኤምኤስ ስማቸው አንድ የሆኑ ሁለት መሣሪያዎችን በመነሻው አይቀበልም። ተመሳሳይ ስም የሚፈቅድ ቅንብር አለ፤ እንዳይከፍቱት እንመክራለን፤ ድርብርብ ምዝገባን የሚከለክለው ያው መቆጣጠሪያ ነው። ይልቅ እያንዳንዱን አክሰስ ፖይንት ከመመዝገብዎ በፊት በራሱ ላይ የራሱን ስም ይስጡት። ስሙም ሕንፃውን፣ ፎቁንና ተራ ቁጥሩን የሚናገር ይሁን፤ አይፒ አይግባበት።

ጥያቄ፦ ስዊቹ ሪስታርት ካደረገ በኋላ የፖርት 3 ግራፍ የፖርት 5ን ትራፊክ ያሳያል። ገመዱን የነካ ሰው የለም።

መልስ፦ የተቀያየረው ገመዱ ሳይሆን ቁጥሩ ነው። መሣሪያው ለእያንዳንዱ ኢንተርፌስ ኢፍኢንዴክስ የሚባል ቁጥር ይሰጣል፤ ይህ ቁጥር ከሪስታርት በኋላም ያው እንዲሆን ስታንዳርዱ አያስገድድም። ካርድ ሲጨመር፣ ፋየርምዌር ሲቀየር ወይም ሎጂካል ኢንተርፌስ ሲፈጠር ቁጥሮቹ እንደገና ሊታደሉ ይችላሉ። መዝገቡ ፖርቱን በዚያ ቁጥር ከያዘው የአንዱ ዳታ በሌላው ግራፍ ላይ ይጻፋል።

መሣሪያው የሚፈቅድ ከሆነ ቁጥሮቹን ያጽኑ፤ ሲስኮ አይኦኤስ ላይ ኢፍኢንዴክስ ፐርሲስት የሚባለው ትእዛዝ ለዚሁ ነው። በሶፍትዌሩ በኩል ሊብሬኤንኤምኤስ ፖርት የሚለይበትን መንገድ ለእያንዳንዱ መሣሪያ ያስመርጣል፤ ከኢፍኢንዴክስ ወደ ኢፍኔም (የፖርቱ ስም) ይቀይሩት። ከመቀየርዎ በፊት 1.3.6.1.2.1.31.1.1.1.1 ን በኤስኤንኤምፒዋክ (ዝርዝሩን በሙሉ በሚያወጣው ትእዛዝ) አውጥተው ስሞቹ የማይደጋገሙ መሆናቸውን ይዩ። ኢፍአሊያስን እንደ መለያ አንመክርም፤ ሰው በእጁ የሚጽፈው መግለጫ ስለሆነ ባዶ የቀረ ወይም ሁለት ቦታ የተደገመ አይጠፋበትም። እስካሁን የተደባለቀው ዳታ አይለይም፤ ሪስታርት የተደረገበትን ቀን ማስታወሻው ላይ ያስፍሩ፤ ግራፉን በኋላ የሚያነብ ሰው እንዳይሳሳት።

ጥያቄ፦ የ1 ጊጋቢት ፖርት ግራፍ ከ114 ሜጋቢት ገደማ አልፎ አያውቅም። ፋይል ስናዛውር ግን ፍጥነቱ ከዚያ በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

መልስ፦ ቁጥሩ ራሱ ይመሰክራል። ባለ 32 ቢት ቆጣሪ 4,294,967,296 ባይት ሲሞላ ወደ ዜሮ ይመለሳል። በየ5 ደቂቃው የሚያነብ ሶፍትዌር አንዱን ዙር ሊገምት ይችላል፤ ሁለትና ከዚያ በላይ ከዞረ ግን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ያን ያህል ባይት በ300 ሴኮንድ ሲካፈል 114.5 ሜጋቢት በሴኮንድ ይመጣል። ጊጋቢት ፖርት ሲሞላ ቆጣሪው በ34 ሴኮንድ ውስጥ ይዞራል። ባለ 64 ቢት ቆጣሪ አለ፤ የኤስኤንኤምፒ ስሪት 1 ግን ሊያጓጉዘው አይችልም። መሣሪያው በስሪት 1 ተመዝግቦ እንደሆነ ያጣሩ፤ ከሆነ መዝገቡን ወደ 2ሲ ወይም ወደ 3 አርመው ዲስከቨሪውን እንደገና ያስኪዱ። 1.3.6.1.2.1.31.1.1.1.6 ብለው ጠይቀው ቁጥር ከመለሰ መሣሪያው ባለ 64 ቢቱን ይደግፋል።

ጥያቄ፦ መሣሪያው ለፒንግ ይመልሳል፤ በኤስኤንኤምፒ ስንጠይቀው ግን ጊዜው አለፈ ይላል። ኮሚኒቲው (እንደ ፓስወርድ የሚያገለግለው ቃል) ትክክል ይመስለናል።

መልስ፦ በስሪት 2ሲ ኮሚኒቲው ሲሳሳት መሣሪያው «ተሳስተሃል» አይልም፤ ዝም ይላል። ስለዚህ የተሳሳተ ኮሚኒቲና ፋየርዎል የዘጋው ፖርት ከሰርቨሩ ሲታዩ አንድ ናቸው። በሰርቨሩ ላይ ቲሲፒደምፕን (የሚያልፈውን ትራፊክ የሚያሳየውን ፕሮግራም) በኤስኤንኤምፒ ፖርት በዩዲፒ 161 ከፍተው ይጠይቁ። ጥያቄው ወጥቶ ምንም ካልተመለሰ ኮሚኒቲውን፣ መሣሪያው ላይ ያለውን የአክሰስ ሊስትና በመካከል ያለውን ፋየርዎል በተራ ይፈትሹ። መልስ መጥቶ ግን ከሌላ አይፒ ከሆነ፣ ባለብዙ አድራሻው መሣሪያ በሌላ ኢንተርፌስ በኩል መልሷል፤ ከተጠየቀው አድራሻ ያልመጣ መልስ ብዙ ጊዜ ተቀባይነት ስለማያገኝ ይጣላል። መፍትሔው መዝገቡን መልሱ ወደሚመጣበት አድራሻ ማዞር ወይም መሣሪያው ላይ የኤስኤንኤምፒ መነሻ አድራሻ መወሰን ነው።

ስሪት 3 በዚህ ረገድ ይሻላል፤ ዩዘሩ ካልታወቀ ወይም የማረጋገጫ ፓስወርዱ ከተሳሳተ መሣሪያው ሪፖርት ይልካል። ከአንድ ኢሜጅ ተባዝተው በተነሱ ቨርቹዋል ሰርቨሮች ላይ ግን ይጠንቀቁ፤ የኢንጂን መለያቸው (ስሪት 3 እያንዳንዱን መሣሪያ የሚለይበት ቁጥር) አብሮ ከተባዛ አንዱ ሲመልስ ሌላው ከጊዜ መስኮት ውጭ ነህ ይባላል፤ መስኮቱ 150 ሴኮንድ ብቻ ነው። ለእያንዳንዱ አዲስ መለያ እንዲፈጠር ያድርጉ።

ጥያቄ፦ አንድ ራውተር ሪስታርት አድርጓል የሚል ማንቂያ መጣ፤ ሎጉ ላይ ግን ምንም የለም። ከተነሳ ከአንድ ዓመት ከአራት ወር በላይ ሆኖት ነበር።

መልስ፦ ራውተርዎ ደህና ነው። ሲስአፕታይም (ከተነሳ የቆየበት ጊዜ) በሴኮንድ መቶኛ የሚቆጥር ባለ 32 ቢት ቁጥር ነው፤ ከ497 ቀን በኋላ ሞልቶ ከዜሮ ይጀምራል። መሣሪያው የሚደግፍ ከሆነ በሴኮንድ የሚቆጥረውን 1.3.6.1.6.3.10.2.1.3.0 ን አመሳክረው ማንቂያውን በእሱ ላይ ይመሥርቱ። ሊኑክስ ሰርቨር ላይ ሲስአፕታይም የሚቆጥረው የኤስኤንኤምፒ አገልግሎቱ የተነሳበትን ጊዜ መሆኑንም ልብ ይበሉ፤ የማሽኑን ዕድሜ ከፈለጉ 1.3.6.1.2.1.25.1.1.0 ን ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ከአገልግሎት የወጡ መሣሪያዎችን መቼ እንሰርዝ? ዝርዝራችን በቀይ ተሞልቷል።

መልስ፦ ቀይ የለመደ ዓይን እውነተኛውን ብልሽትም ያልፈዋል፤ ስለዚህ ጥያቄው በጊዜው የመጣ ነው። ለጥቂት ሰዓት የሚጠፋ መሣሪያ የጥገና ሰዓት ይበቃዋል። ዛቢክስ ጥገናውን ዳታ እየሰበሰበም ሳይሰበስብም ያስይዛል፤ የሚሰበስበውን ይምረጡ፤ መሣሪያው መቼ እንደተመለሰ በግራፉ ያያሉ። ማንቂያው ብቻ የሚያስቸግር ከሆነ ማንቂያውን ያፍኑ፤ ፖሊንጉ ይቀጥላል። ከመደርደሪያ የወረደ ግን ታሪኩ የሚፈለግ መሣሪያ ፖሊንጉ ይቁም፤ ምክንያቱና ቀኑ ይጻፍ። የማይመለስ መሆኑ ከተረጋገጠና ግራፉን የሚጠይቅ ክፍል ከሌለ ብቻ ይሰረዝ። ከመሰረዙ በፊት መሣሪያው መጥፋቱን ወይም አድራሻው ከዲስከቨሪ ክልል መውጣቱን ያረጋግጡ፤ መብራትና ገመድ እንደተሰካበት ከሆነ በሚቀጥለው ፍለጋ ታሪክ የሌለው አዲስ መዝገብ ሆኖ ይመለሳል።