የመውለጃ ቀን እንዴት ይቆጠራል? ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የወር አበባዬ ለመጨረሻ ጊዜ የመጣው መስከረም 10 ነው። መቼ እወልዳለሁ?

መልስ፦ ደሙ ከታየበት የመጀመሪያ ቀን አንስተሽ 280 ቀን ነው። ወራችን 30 ቀን ስለሆነ 9 ወር ከ10 ቀን ጨምሪ፤ ሰኔ 20 ይሆናል። መሃል ላይ ጳጉሜ ካለች ግን ከ9 ወሩ ላይ የምትጨምሪው 5 ቀን ብቻ ነው፤ ጳጉሜ 6 ቀን በምትሆንበት ዓመት ደግሞ 4። ለምሳሌ ጥር 12 የመጣላት ጥቅምት 17 ትደርሳለች። ብዙዎች ደሙ ከቆመበት ቀን ይቆጥሩና ሳምንት ያህል ያዛባሉ።

ጥያቄ፦ የኔ በየ35 ቀኑ ነው የሚመጣው።

መልስ፦ 7 ቀን ጨምሪበት። 280 የተባለው በየ28 ቀኑ ለሚመጣላትና እንቁላል በ14ኛው ቀን ገደማ ለሚወጣላት ነው፤ ያንቺ ወደ 21ኛው ቀን ይገፋል። ወሩ ለሚዘበራረቅባት ይህ አይሠራም።

ጥያቄ፦ እያጠባሁ፣ የወር አበባ ሳላይ አረገዝኩ።

መልስ፦ እህቴ፣ ሳትዘገዪ አልትራሳውንድ ተነሺ። እስከ 13 ሳምንት ከ6 ቀን ድረስ ጽንሱ ከራሱ እስከ መቀመጫው ይለካል፤ ስህተቱም ከ5 እስከ 7 ቀን አያልፍም። ከዚያ በኋላ በቆየሽ ቁጥር ግምቱ እየሰፋ ይሄዳል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ በ10 ሳምንቷ የተነሳችው አልትራሳውንድ ከወር አበባዋ ጋር ገጥሞ ነበር። በ32 ሳምንት ሌላ ቀን ተጻፈላት። የቱን እንያዝ?

መልስ፦ የመጀመሪያውን። መጀመሪያ ላይ ጽንሶች ሁሉ የሚያድጉት በተቀራረበ ፍጥነት ነው፤ ኋላ ላይ ግን አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ ይሆናል። መሣሪያው የሚለካው መጠኑን ነው፤ ዕድሜውን የሚገምተው ከዚያ ተነስቶ ስለሆነ በዚህ ጊዜ 3 ሳምንት ሊስት ይችላል። ቀኑን መቀየር አደጋ አለው፦ ዕድገቱ የዘገየ ሕፃን «ገና ነው» ተብሎ ይታለፋል። በየቀጠሮው የመጀመሪያውን ውጤት ይዛችሁ ሂዱ። ቀን የሚቀየረው በመጀመሪያው አልትራሳውንድ ነው፤ ያውም ከ9 ሳምንት በፊት ከሆነ ከወር አበባው ቆጠራ ጋር ያለው ልዩነት ከ5 ቀን፣ ከዚያ እስከ 13 ሳምንት ከ6 ቀን ባለው ጊዜ ደግሞ ከ7 ቀን ሲበልጥ።

ጥያቄ፦ በአይቪኤፍ (እንቁላልና የወንድ ዘር ከማህፀን ውጭ ተዋህደው) ላረገዘችስ?

መልስ፦ የ5 ቀን ጽንስ ከሆነ ማህፀን ውስጥ ከገባበት ቀን 261 ቀን፣ የ3 ቀን ከሆነ 263።

ጥያቄ፦ ቀኔ አለፈ፤ ምጥ የለም።

መልስ፦ በተባለው ቀን የሚወልዱት ከ100 እናቶች 5 ያህሉ ብቻ ናቸው። ሆኖም 41 ሳምንት ሲሞላሽ ቤት አትቀመጪ፤ ሐኪምሽ ምጥ ስለማስጀመር ያነጋግርሽ። የሕፃኑ እንቅስቃሴ ከቀነሰ፣ ደም ከታየ ወይም የእንሽርት ውሃ ከፈሰሰ ግን ስንተኛው ሳምንት ነው ሳትዪ ወዲያው ሂጂ።